ሁለት ማስታወቂያ

ውላችን ያመት ነው፣ ገና ሰባት ወሬ፤
የዝውውር ወረቀት ደረሰችኝ ዛሬ።
መሐል ሜዳ ይላል፣ ከጥር መባቻ፤
ለላቦራቶሪው ሰው የለም፣ አንተ ብቻ።

አንቀጽ አራት አለ፣ የጻፍኩት በእጄ፣
ያኔ የገባሁ ለት፣ ፍራሼን አውርጄ፦
      «ተከራይ ከውሉ ጊዜ ቀድሞ ቢለቅ፣
      ከሁለት ወር በፊት በጽሑፍ ያሳውቅ።»
ከየት ላምጣ ሁለት ወር? አስራ አንድ ቀን አለኝ፤
እስክሪብቶዬም በርዶት ቀለም አልሰጥ አለኝ።

ባልደረባዬ ሽመክት ሳቀ፦ «ጽሑፍ ምን ያደርጋል?
ቁልፉን በሩ ላይ ተወው፤ ለስንት ብር ይከሳል?»
እውነቱን ነው ምናልባት። ግን ያቺ አንቀጽ አራት
የገዛ እጄ ጽሑፍ ናት፤ እንዴት አርጌ ልካዳት?

ታኅሣሥ ነው፣ ጤባሴ፤ ውርጩ ማታ ወርዶ፣
ደጅ ያደረው ባልዲ መስታወት ወልዶ፤
የፋብሪካው ብርድ ልብስ ውስጥ እስካንገቴ ገብቼ
ጻፍኩ፣ ቀደድኩ፣ ጻፍኩ፣ ሦስት ሉክ ፈጅቼ።
«ለክብርት አከራይ» — ይህስ ለከንቲባ ነው።
«እማማ ይርገዱ» — ይኼ ደግሞ ለቅሶ አለው።
«በውላችን መሠረት» — ፍርድ ቤት ፍርድ ቤት ይላል፤
ምን ላርግ፣ ሌላ የለም፤ ይሻላል፣ ይሻላል።

ጠዋት፣ ፀሐይቱ አጥር ሳትሻገር፣
እማማ ይርገዱ ቆመዋል በረት በር።
እጃቸው ኩበት ነው፤ ጠረጉት በቀሚስ፤
«የውኃ ሂሳብ ነው? ልጄ ጻፈ ወይስ?»
ተቀበሉ፣ አዩት፤ ማኅተም ፈለጉ፤
ለኔው መለሱልኝ፣ ወደኔም ተጠጉ።
ሰባት ወር ሙሉ ፊደላቸው የሆንኩት
እኔ ነኝ። «በል አንብብ።»
                        እንዴት ረሳሁት!

ሥራዬም ማንበብ ነው፣ ደም፣ ሽንት፣ አክታ፤
ቤት ስገባ ደግሞ የሳቸው በተርታ፦
የደም ግፊት ኪኒን፣ ስንት ጠዋት፣ ስንት ማታ፤
ልጅ ከሎጊያ የላከውን የስልክ ሰላምታ፤
የቀበሌን ጥሪ፣ የእድሩን ቅጣት፤
ውሉንም እኔው አንብቤ፣ እሳቸው በጣት።

ልዋሽ እችል ነበር። «ሂሳብ ነው» ብያቸው፣
ባስራ አንደኛው ሌሊት ሹልክ ብዬባቸው፤
ወይ አንቀጽ አራትን አጣሞ ማንበብ፤
ከበጎቹ በቀር ማን ቆሞ ሊታዘብ?
አነበብኩት፣ ሁሉን፣ ሳልጨምር፣ ሳላጎድል፤
«ቀብዱም ለአከራይ ገቢ ይሁን» እስከሚል።

ዝም አሉ። ባጃጅ ባስፋልቱ አለፈ፤
አንዷ በግ አነጠሰች፤ ጉሙ ተገፈፈ።
«መንዝ ይበርዳል፣» አሉ — እዚህ እንደሚሞቅ!
«ያንተ ጋቢ ስስ ነው፤ ይኼንንም እወቅ።»

ቀብዱን አልመለሱም። እኔም አልጠየቅኩም።
ደግ ናቸው አልልም፣ ክፉም አልላቸውም፤
የሁለት ወር ኪራይ ኪኒን ነው፣ መኖ ነው፤
ለኔ ቀብድ የሆነው ለሳቸው ክረምት ነው።

ከጓዳ አወጡ ያንን የቀለም ቆርቆሮ፤
«ደርሶኛል» ማለት ነው፣ ጣት ከስሜ ሥር አድሮ።
ከዚያ፦ «ወረቀት አለህ? ሌላም አንድ ጻፍልኝ፤
ምሰሶው ላይ ለጥፍ፤ ተከራይ ፈልግልኝ።»

የምለቀውን ቤት ለማላውቀው ሰው
ማሞገስ ጀመርኩኝ፣ ጉልበቴን ጠረጴዛ አርጌው፦
      የሚከራይ ቤት።
      አንድ ክፍል፣ ሰርቪስ፣ ቆጣሪው የጋራ፤
      መስኮቱ አንድ ነው፣ በፀሐይ መውጫ ጎራ።
      ጣሪያው አያፈስም፤ ንፋስ ግን ይገባል።
(ሰረዝኩት፤ መለስኩት፤ ሰው ገብቶ ያውቀዋል።)

«ጨረስክ?» አሉ። «ጨረስኩ።» «አንብበው።» አነበብኩ።
በጎቹን ሊያወጡ ሄዱ፤ እኔ በሊጡ ቆምኩ።
ከግርጌው አንድ መስመር ባዶ ቀርቶ ነበር፤
ሳልነግራቸው ሞላሁት፣ ከመብራቱ ምሰሶ ሥር።
በሰባቱ ወር ውስጥ ሳላነብላቸው
የቀረሁት ጽሑፍ እሱ ብቻ ነው፦

      ማንበብ ለሚችል ሰው ቅድሚያ ይሰጣል።